ኮሮላዋ ውሃ ትጠጣለች፦ የራዲያተር ማሸጊያ ሥራ ማስታወሻ

ኅዳር መጨረሻ፣ ቅዳሜ ጠዋት

መኪናዋ 1998 ሞዴል ቶዮታ ኮሮላ ናት። ሞተሯ 5ኤ-ኤፍኢ የሚባለው ባለ 1.5 ሊትሩ ነው፤ ብሎኩ ብረት፣ ቴስታታው (ብሎኩ ላይ የሚገጠመው የሞተሩ ራስ) አሉሚኒየም። የታላቅ እህቴ ናት። ልጆቿን ትምህርት ቤት ታደርስባታለች፣ ከዚያ ከኮተቤ ሜክሲኮ ድረስ ሥራ ትሄድባታለች። ችግሩ የውሃ መጉደል ነው። በየጥቂት ቀኑ ኮፈኑን ከፍታ በሃይላንድ የቧንቧ ውሃ ትሞላለች። መሬት ላይ ግን ጠብታ የለም። አንድ ጋራዥ ጠይቃ «እህቴ፣ ስቶፕ ሊክ ጨምሪበት፣ ይዘጋዋል» ተብላ አንድ ጠርሙስ የራዲያተር ማሸጊያ ገዝታለች። ደግነቱ ሳትጨምረው እኔን ጠየቀችኝ።

ስለ ራዲያተር ማሸጊያ ሰው ሁሉ ጠንካራ አቋም አለው። አንዱ ውሃ በጎደለ ቁጥር ይገለብጣል፣ ሌላው ሞተር ገዳይ ነው ብሎ ስሙን እንኳ መስማት አይፈልግም። እኔ ሁለቱም ጋ የሚጎድል ጥያቄ አለ ባይ ነኝ፦ የሚፈሰው ከየት ነው? ማሸጊያው የሚዘጋው ቀዳዳ አለ፣ ጨርሶ የማይነካው አለ። ቦታው ሳይታወቅ ጠርሙስ መክፈት የለም። ዛሬ ሥራዬ ፍለጋ ብቻ ነው።

እዚያው ቅዳሜ፣ ከሰዓት

ፍለጋውን ከመጻፌ በፊት ስለ ግፊት አንድ ነገር ላስቀድም። አዲስ አበባ ላይ የሚነዳ ሰው ሁሉ ቢያውቀው ደስ ይለኛል። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር አካባቢ ናት። እዚህ ክፍት ድስት ላይ የተጣደ ውሃ 100 ዲግሪ አይደርስም፣ 92 ገደማ ላይ ይፈላል። የኮሮላዋ ቴርሞስታት (ውሃው ሲሞቅ የራዲያተሩን መንገድ የሚከፍተው ቫልቭ) መከፈት የሚጀምረው ደግሞ 82 አካባቢ ነው። በመካከላቸው ያለው 10 ዲግሪ ብቻ ነው! ዳገት ላይ በሁለተኛ ማርሽ፣ ሰው ሞልቶ፣ ፀሐይ ላይ፣ ያቺ 10 ዲግሪ ወዲያው ታልቃለች። ታዲያ መኪናው ሁሉ መንገድ ላይ ለምን አይፈላም? የራዲያተሩ ክዳን ይዞት ነው። የቶዮታ ክዳን ላይ 0.9 የሚል ቁጥር ታገኛላችሁ። ውስጡ ያለው ስፕሪንግ ከውጭው አየር በላይ 0.9 ባር ያህል ግፊት አምቆ ይይዛል፤ በዚያ ግፊት ውሃው እዚህም ከተማ 114 ዲግሪ አካባቢ እስኪደርስ ሳይፈላ ይቆያል።

ስለዚህ በመርፌ የተወጋ የምታህል ቀዳዳ ከውሃው ጋር ግፊቱንም ይዛ ትሄዳለች። ባሕር ዳርቻ ላይ ያለ ሰው ግፊቱ ቢያመልጠው እንኳ እስከ 100 ዲግሪ ድረስ ጊዜ አለው። እኛ ያን ያህል ጊዜ የለንም። «ትንሽ ነው የምትጠጣው፣ ውሃ እየጨመርኩ እነዳታለሁ» የሚለውን የማልወደው ለዚህ ነው።

ወደ ሥራው። ሞተሩ ቀዝቅዞ ነው ያገኘሁት። ሌሊቱን ቆማ ነበር። በጋለ ሞተር ክዳን አይከፈትም፤ በጨርቅ ይዞም ቢሆን አይከፈትም። ግፊቱ ሲለቀቅ 100 አልፎ የነበረው ውሃ በቅጽበት እንፋሎት ሆኖ ፊት ላይ ነው የሚወጣው፣ እጅና ደረቱ የተቃጠለ ሾፌር በየሰፈሩ አለ።

ክዳኑን ሳየው ጎማው ተሰነጣጥቋል። ከአንድ መካኒክ ጓደኛዬ የእጅ ፓምፕ ያለው የግፊት መለኪያ ተውሼ ነበርና መጀመሪያ ክዳኑን ብቻውን ለካሁት። ከ0.9 ግማሹን እንኳ ሳይዝ ለቀቀ። እንግዲህ ከችግሩ አንዱ ይኸው ነው፣ በየትኛውም ጠርሙስ አይድንም። ክዳኑ ሌላም ትንሽ ቫልቭ አለው፤ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ከማጠራቀሚያው ፕላስቲክ ውሃ መልሶ የሚያስገባው እሱ ነው። ጠዋት ላይ የላይኛው የራዲያተር ጎማ ተጨምድዶ ካገኛችሁት ያ ቫልቭ ደርቋል ማለት ነው።

ቀጥዬ መለኪያውን ራዲያተሩ አፍ ላይ ገጥሜ እስከ 0.9 ነፋሁት። መርፌው ቀስ እያለ ወረደ። ባትሪ ይዤ ገባሁ። የላይኛው ጎማ ጫፉ ለስልሷል፣ ፋሼታው (ጎማውን የሚያጠብቀው ቀለበት) ዝጓል፤ ገና አይፈስም ግን ይቀየራል። የውሃ ፖምፓው ሥር ያለችው የማንጠብጠቢያ ቀዳዳ ደረቅ ናት። በተሳፋሪው በኩል ያለው ምንጣፍ ደረቅ ነው፣ ስለዚህ ክሩስኮት (ዳሽቦርዱ) ውስጥ ያለው የማሞቂያ ራዲያተር ደህና ነው። ዋናው ራዲያተር ላይ ግን፣ በግራ በኩል ታች፣ ክንፎቹ መሃል ነጭና አረንጓዴ ቅርፊት አለ። በሶፍት ስነካው ረጠበ። ትንሽ ስጠብቅ ጠብታ ሠራች፣ ወረደች፣ ሌላ መሥራት ጀመረች።

መሬት ላይ ምንም ያልታየውም በዚሁ ምክንያት ነው። ሞተሩ ሲሠራ ክንፎቹ ስለሚግሉ ጠብታዋ መሬት ሳትደርስ ትተናለች። ሲቀዘቅዝ ደግሞ ግፊት ስለሌለ አትወጣም።

እሑድ ማለዳ

የሚፈስበትን አገኘሁ ብሎ ማቆም አይቻልም። ሁለት በሽታ አንድ ላይ ሊኖር ይችላል። ከሁሉም የምፈራው የቴስታታ ጓርኒሲዮን ነው፣ በብሎኩና በቴስታታው መሃል የሚገባው ስስ ንጣፍ፤ እሱ ከተቃጠለ የማቃጠያው ጋዝ ወደ ውሃው ይገባል፣ ውሃው ወደ ሲሊንደር ወይ ወደ ዘይት ይሄዳል። እንዲህ ያለው ላይ ማሸጊያ ጨምሮ መንዳት ቴስታታውን ማጣመም ነው።

በብርዱ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ክዳኑን ከፍቼ ውሃውን እስከ አፉ ሞልቼ አስነሳኋት። የማየው አረፋ ነው። መጀመሪያ ላይ ጥቂት ቢወጣ የታመቀ አየር ነው፣ ያልቃል። ሳያቋርጥ የሚፈላ የሚመስል አረፋ፣ በተለይ ጋዝ ሲረገጥ የሚጨምር ከሆነ፣ ያ የጓርኒሲዮን ነው። አረፋው ቆመ። ክዳኑን ዘግቼ የላይኛውን ጎማ ጨበጥኩት፤ ለስላሳ ነው። ጓርኒሲዮኑ የተበላሸ ቢሆን ሞተሩ ገና ሳይሞቅ ጎማው ድንጋይ ይሆን ነበር። የዘይት ማውጫ ዘንጉንና የዘይት ክዳኑን አየሁ፤ ዘይቱ ጥቁር ነው እንጂ ወተት የተቀላቀለበት ቡና አልመሰለም። ጭስ ማውጫው ነጭ እንፋሎት ያወጣል፣ በኅዳር ብርድ ግን የማንም መኪና ያወጣል። ሞተሩ ሲሞቅ ጠፋ።

እፎይ አልኩ። በሽታው አንድ ነው፣ ራዲያተሩ። ክዳኑ ደግሞ አባብሶታል።

ሰኞ ማታ

ማሸጊያ የሚባለው አንድ ነገር አይደለም። ሰው ይህን ስለማያውቅ ነው አብዛኛው ጉዳት የሚደርሰው፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

አንደኛው ወገን ደቃቅ ነገር የተበተነበት ፈሳሽ ወይም እንክብል ነው። የተፈጨ የዕፅዋት ጭረት አለው፤ ከታወቁት ውስጥ የዝንጅብል ሥር የሚገባበትም አለ። ሌሎቹ የአሉሚኒየም ወይም የመዳብ ብናኝ፣ ወይም የሴራሚክ ጭረት ይጨምሩበታል። አሠራሩ ቀላል ነው። ውሃው በግፊት ወደ ቀዳዳዋ ሲሮጥ ብናኙን ይዞት ይሄዳል፣ ትልልቁ ጭረት አፏ ላይ ይጋደማል፣ ደቃቁ በላዩ ይከመራል፣ ከውጭ ያለው አየርና ሙቀት ያደርቀዋል። የሚሠራው እንግዲህ ጠባብ፣ የማይንቀሳቀስና በግፊት የሚገፋ ቀዳዳ ላይ ነው። የራዲያተር ክንፍ መሃል ያለች ጉድፍ በትክክል እንዲህ ያለች ናት። የተቀደደ ጎማ ሲሞቅ ይለጠጣል፣ ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል፤ እዚያ ላይ የተከመረ ነገር አይቆምም። የፖምፓ ማኅተም ደግሞ ይሽከረከራል፣ ብናኙ ጭራሽ ይፍቀዋል።

ሁለተኛው ወገን ሶዲየም ሲሊኬት ነው፣ ፈሳሽ መስታወት የሚሉት። ለቴስታታ ጓርኒሲዮን ተብለው የሚሸጡት ብዙዎቹ ይኸው ናቸው። የጋለ ብረት ላይ ሲደርስ ውሃው ይተንና መስታወት የመሰለ ቅርፊት ይሠራል። ከኩላንት (ከማቀዝቀዣው ፈሳሽ) ጋር ከተቀላቀለ ግን ሊረጋና ሊጓጉል ይችላል። ብዙዎቹ ጠርሙሶች ላይ ኩላንቱን አውጥታችሁ፣ አጥባችሁ፣ በንጹሕ ውሃ ተጠቀሙ የሚል የተጻፈው ለዚህ ነው። ያንን ጽሑፍ ማን ያነባል? ሻጩም አያነበውም፣ መካኒኩም አያነበውም። እባካችሁ አንብቡት!

የድሮ ሾፌሮች መንገድ ላይ ቁንዶ በርበሬ ወይም የእንቁላል ነጭ ይጨምሩ ነበር። ሐሳቡ አንድ ነው፤ እንቁላሉ በሙቀት ይረጋል፣ በርበሬው ይነፋል። ሰው ከሌለበት መንገድ ላይ ሰፈር ያደርስ ይሆናል። ግን ውስጥ ይበሰብሳል፣ ቱቦ ይዘጋል፣ አልመክርም።

ማሸጊያ ሁሉ የማታለያ ዕቃ ነው ለሚሉኝ ሁልጊዜ የማነሳው ኖቲለስን ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 ይህች በኒውክሌር የምትሠራ የአሜሪካ ባሕር ሰርጓጅ በሰሜን ዋልታ በረዶ ሥር ለማለፍ ስትዘጋጅ ኮንደንሰሯ ውስጥ የባሕር ውሃ የሚያስገባ ቀዳዳ ነበረባት፣ ቦታውም አልገኝ አለ። መርከበኞቹ የሲቪል ልብስ ለብሰው ሲያትል ከተማ ከየነዳጅ ማደያው የመኪና ራዲያተር ማሸጊያ ገዙ፣ ጨመሩበት፣ ተዘጋ። በዚያው ዓመት ኦገስት 3 ዋልታውን አለፉ። ጄነራል ሞተርስም በ1980ዎቹ ለካዲላክ አሉሚኒየም ሞተሮች ማሸጊያ እንክብል ከፋብሪካው ጀምሮ ያስገባ ነበር። ሱባሩ ደግሞ የ2.5 ሊትር ሞተሮቹ ጓርኒሲዮን ወደ ውጭ ማንጠብጠብ ሲያስቸግር፣ በ2000ዎቹ መጀመሪያ፣ «ኮንዲሽነር» ብሎ የሰየመውን ማሸጊያ በራሱ ጋራዦች አስጨምሯል። ነገሩ ቦታውን አውቆ፣ በልክ ለሚጠቀም ሰው ይሠራል።

የእህቴን ጠርሙስ ወደ መብራት ይዤ አየሁት። ቡናማ ፈሳሽ፣ ታች የተቀመጠ ደለል ያለው፣ ከኩላንት ጋር ይስማማል የሚል ተጽፎበታል። የመጀመሪያው ወገን ነው። ጥሩ።

ረቡዕ፣ ከሥራ በኋላ

ሶማሌ ተራ ሄጄ ክዳን፣ የላይኛውን ጎማ፣ ፋሼታ ገዛሁ። ሻጩ «1.1 ይሻልሃል፣ ጠንካራ ነው» አለኝ። አልተቀበልኩም። 0.9 ለተሠራ፣ ያውም ላረጀ ራዲያተር ተጨማሪ ግፊት መጫን ሌላ ቀዳዳ መክፈት ነው።

በዚያው ራዲያተር የሚሠሩ አንድ ሽማግሌ ዘንድ ጎራ አልኩ። ፎቶውን ከስልኬ አሳየኋቸው።

«ጋሼ፣ ይቺ ትበየዳለች?»

«ልጄ፣ ይሄ እኮ አሉሚኒየምና ፕላስቲክ ነው። የድሮው መዳብ ቢሆን በቆርቆሮ በይጄ እስክትቀመጥ አስረክብህ ነበር። ይሄን በማጣበቂያ ብለጥፍልህ ለጊዜው ነው። ሌላ ግዛ።»

«እስክገዛ ድረስ ማሸጊያ ብጨምርበትስ?»

ፊታቸው ተቀየረ። «መድኃኒት የጨመሩበትን ራዲያተር ስከፍት የማገኘው ጭቃ ነው።»

«ስንት ጠርሙስ ጨምረውበት ይሆን?»

«ማን ይቆጥራል! በፈሰሰ ቁጥር ይገለብጡበታል።»

ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ነገር አልሰማሁም። ቀጭኑ ቱቦ የሚዘጋው ከሚገባው በላይ ብናኝ፣ በዛገ ውሃ ላይ፣ ደጋግሞ ሲጨመር ነው። አዲስ መግዛቱ ላይ ከእሳቸው ጋር እስማማለሁ፣ ችግሩ ዋጋው ነው፤ አዲስ ራዲያተር እህቴ ዛሬ የምትከፍለው አይደለም፣ እስከ በልግ ድረስ ልታጠራቅም ትችላለች። ስለዚህ ማሸጊያውን የምጨምረው ጊዜ ለመግዛት ነው። ለእህቴም እንዲሁ ብዬ ነገርኳት።

ቅዳሜ፣ ቀኑን ሙሉ

ማጠብ። ራዲያተሩ ሥር ያለችውን የማፍሰሻ ቡሎን ሳላላ የወጣው ውሃ የሸክላ ቀለም ነው። ለዓመታት የቧንቧ ውሃ ብቻ የጠጣ የብረት ብሎክ እንዲህ ነው የሚሆነው። ማሸጊያ በዚህ ላይ ብጨምር ኖሮ ብናኙ ከዝገቱ ጋር ተላቁጦ ጭቃ ይሆን ነበር፤ ሽማግሌው ያሉት ጭቃ ይኸው ነው።

የወጣውን በሳፋ ተቀበልኩት። ይህን አስምሩበት። ኩላንት ውስጥ ያለው ኤቲሊን ግላይኮል ጣፋጭ መርዝ ነው። ቦይ ውስጥ ወይም ግቢ ላይ ከተደፋ ውሻ ይልሰዋል፣ ሕፃን ይነካዋል፤ ጥቂቱ ኩላሊት ይገድላል። በጀሪካን አድርጌ አሸግኩት።

በንጹሕ ውሃ ሞልቼ፣ አስነስቼ፣ አሙቄ፣ አቀዝቅዤ፣ አፍስሼ፣ እንደገና ሞላሁ፤ የሚወጣው ውሃ እስኪጠራ ድረስ ደጋገምኩት። የኬሚካል ማጠቢያ አልተጠቀምኩም። በዚህ ዕድሜ ያለ ራዲያተር ላይ አሲድ ቢገባ ዝገቱ የደፈናቸውን ሌሎች ቀዳዳዎች ሊከፍት ይችላል።

ከዚያ የቴርሞስታቱን ቤት ፈታሁ። ባዶ! ከዚህ በፊት መኪናዋን ያየ አንድ ሰው አውጥቶ ጥሎታል። «ሞቀብኝ» ላለ ደንበኛ ሁሉ ቴርሞስታት ማውጣት በከተማችን የተለመደ መፍትሔ ሆኗል፣ በጣም ያናድደኛል። በዚህ ሞተር ላይ ቴርሞስታቱ ያለው ከታችኛው ጎማ በኩል፣ ውሃው ወደ ሞተር በሚገባበት ነው። ሁለት ሥራ ይሠራል። ሲሞቅ የራዲያተሩን መንገድ ይከፍታል፣ በዚያው ቅጽበት ደግሞ ራዲያተሩን ዘሎ የሚሄደውን አቋራጭ መንገድ ይዘጋል። ሲወጣ አቋራጩ ሁልጊዜ ክፍት ይቀራል፤ ከውሃው የተወሰነው ራዲያተር ሳይነካ ተመልሶ ሞተር ውስጥ ይገባል። በብርድ ሞተሩ አይሞቅም፣ በዳገት በደንብ አይቀዘቅዝም። ቶዮታ ራሱ በጥገና መጽሐፉ ሞተሩ ቢሞቅም ቴርሞስታቱን አታውጡ ብሎ ጽፏል። አዲስ ባለ 82 ዲግሪ ገዝቼ፣ ትንሿን የአየር ማሳለፊያ ቫልቭ ወደ ላይ አድርጌ፣ በአዲስ ጎማ ቀለበት ገጠምኩ። ለማሸጊያውም ይጠቅመዋል፣ በሚገባው ሙቀት ይሠራል።

አዲሱን የላይኛ ጎማና ክዳንም ገጠምኩ። ግፊት ሞከርኩ። አሁን የሚፈሰው ከዚያች አንድ ጥግ ብቻ ነው።

እሑድ

ኩላንቱን ግማሽ በግማሽ ቀላቀልኩ። እዚህ ስለ በረዶ አንጨነቅም፤ የምፈልገው ዝገት መከላከያውንና የመፍያ ነጥቡን ከፍ ማድረጉን ነው።

ጠርሙሱ እስከ 12 ሊትር ላለው ሞተር ይበቃል ይላል። የኮሮላዋ ከ6 ሊትር የሚበልጥ አይይዝም። ስለዚህ ግማሹ። ደለሉ ከታች እስኪለቅ ድረስ በደንብ መናጥ ያስፈልጋል፤ ሳይናጥ ግማሽ ብትጨምሩ የጨመራችሁት ፈሳሹን ነው፣ ሥራ የሚሠራው ታች ቀርቷል። ለብ ባለ ውሃ በጥብጬ፣ የጓጎለውን በማንኪያ ሰባብሬ፣ በቀዝቃዛ ሞተር ቀጥታ ራዲያተሩ አፍ ውስጥ አፈሰስኩ። ማጠራቀሚያው ፕላስቲክ ውስጥ የሚጨምሩ ሰዎች አሉ። እዚያ ያለው ውሃ አይዞርም፣ እዚያው ይቀመጣል።

የመኪናዋን የውስጥ ማሞቂያ እስከ መጨረሻ ከፈትኩ፤ ውሃው በሁሉም መንገድ እንዲዞርና አንድ ቦታ ቆሞ እንዳይረጋ። ሞላሁ፣ ዘጋሁ፣ አስነሳሁ። ቴርሞስታቱ መከፈቱን በታችኛው ጎማ ነው የማውቀው፤ ሲከፈት ቀዝቃዛ የነበረው ድንገት ይሞቃል። ሞቀ። ጥጉ ላይ ቀጭን እንፋሎት ታየች፣ ሸተተችኝም፣ ያ የኩላንት ጣፋጭ ሽታ። ሞተሩን ሳላጠፋ ተጠባበቅኩ። እንፋሎቷ ቀጠነች፣ ተቆራረጠች፣ ከዚያ የለችም።

ከኮተቤ ወደ ለገጣፎ አቅጣጫ በዝግታ ነዳኋት፣ ተመለስኩ፣ ሌሊቱን እንድትቀዘቅዝ ተውኳት።

ሰኞ ጠዋት፣ ሥራ ከመግባቴ በፊት

ጥጉ ደረቅ ነው። ውሃው ትንሽ ወርዷል፣ አየር ወጥቶ ነው፣ ሞላሁት። መለኪያውን ገጥሜ 0.9 ነፋሁ። መርፌው ቆመ። ጥርሴን ቦርሼ ተመለስኩ፣ እዚያው ነው። በጣም ደስ አለኝ።

ማጠራቀሚያው ላይ በፕላስተር ምልክት አደረግሁ። እህቴ በየጠዋቱ ሳታስነሳ እንድታየው፣ ከምልክቱ ከወረደ ውሃ ብቻ ሞልታ ከመሄድ እንድትደውልልኝ ተስማማን።

ገና ሰሞን

እውነተኛው ፈተና እንጦጦ ነው። ከሽሮ ሜዳ ጀምሮ ቀጥ ያለ ዳገት፣ ቀርፋፋ ጉዞ፣ አየሩ እየሳሳ፤ ለራዲያተር ይህ ሁሉ ጫና ነው። አራት ሰው ጭነን ወጣን። የሙቀት ቀስቱ ከግማሽ በታች ቆመ፣ አልተነቃነቀም። ላይ ስንደርስ ሳላጠፋት አቆምኳት። ቬንትሌተሩ ተነሳ፣ ዞረ፣ ጠፋ፣ እንደገና ተነሳ። እንዲህ ነው መሆን ያለበት። ቬንትሌተር ጨርሶ የማያቆም ከሆነ ራዲያተሩ ሙቀት መጣል አቅቶታል ማለት ነው።

በሌላ ቀን በፈጣኑ መንገድ አዳማ ወርደን ተመለስን። አዳማ በ1,600 ሜትር ላይ ናት፣ ሙቀቷም የታወቀ ነው፤ መመለሻው ደግሞ ረጅም ሽቅብ ነው። ምልክቱ አልወረደም። መንገድ ላይ ግን ሙቀት በዝቶባቸው የቆሙ መኪኖች አየን፣ አንዱ ላይ ሰው በባልዲ ቀዝቃዛ ውሃ ሊደፋበት ሲል ደርሼ ለመንኩት። የጋለ ቴስታታ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ከገባ ብረቱ ይሰነጠቃል። አጥፍቶ፣ ኮፈን ከፍቶ፣ ጥላ ፈልጎ መጠበቅ ነው ያለው፤ ሰውየው ሰማኝ፣ ባልዲውን አስቀመጠ።

ጥር መጨረሻ

ማሸጊያው ይዟል። ግን ዋጋ አስከፍሏል፣ እሱንም ልጻፍ። ሞተሩን አሙቄ ከጓደኛዬ በተዋስኩት የሙቀት መለኪያ ራዲያተሩን ከላይ እስከ ታች ቃኘሁት። አብዛኛው እኩል ነው፣ ቀዳዳዋ የነበረችበት ጥግ ግን ከአካባቢው ቀዝቃዛ ነው። ቀዝቃዛ ማለት ውሃ አይዞርበትም ማለት ነው፤ እዚያ ያሉ ጥቂት ቱቦዎች ከቀዳዳዋ ጋር አብረው ተዘግተዋል። የመኪናዋ የውስጥ ማሞቂያ እንደ ድሮው ይሞቃል፣ ስለዚህ እሱን አልነካውም። መጠኑ ግማሽ ባይሆን፣ ወይም ሳላጥብ ብጨምረው፣ ይህ ቀዝቃዛ ቦታ ስንት እጥፍ ይሆን እንደነበር አስባለሁ።

ማጠራቀሚያው ግድግዳ ላይ ቡናማ ቅባት ነገር ተለጥፏል። በብሩሽ አጠብኩት።

እህቴ «እንግዲህ ካልፈሰሰች አዲሱ ይቅር አይደል?» አለችኝ። ይቅር አላልኳትም። ራዲያተሩ የበሰበሰው በአንድ ቦታ ብቻ አይመስለኝም፤ ቅርፊቱ በሌላም ጥግ መታየት ጀምሯል። ሁለተኛ ጊዜ ማሸጊያ የማይጨመርበትን ምክንያት አሁን ካየነው ቀዝቃዛ ቦታ በላይ የሚያሳይ የለም፣ እሱን አሳየኋት፣ ተስማማች።

መጋቢት

አዲሱ ራዲያተር ተገዛ። አሮጌውን አወጣሁና የፕላስቲኩን ጠርዝ ፈልቅቄ ውስጡን አየሁ። በግራ ታች ያሉት ቱቦዎች አፋቸው ላይ ቡናማ ቃጫ ተጋድሞ ደርቋል፣ በጥፍር የሚላቀቅ። የቀሩት ክፍት ናቸው። ለሽማግሌው ወስጄ አሳየኋቸው። አገላብጠው አዩትና «ይሄስ ንጹሕ ነው፣ በልክ ነው ያደረግኸው» አሉኝ። ከእሳቸው ይህን መስማት ቀላል አይደለም።

አዲሱን ከመግጠሜ በፊት ሲስተሙን እንደገና በንጹሕ ውሃ አጠብኩ፣ የቀረ ብናኝ ወደ አዲሱ እንዳይሄድ። የታችኛውንም ጎማ ቀየርኩ። ኩላንት ግማሽ በግማሽ፣ የገባበትን ቀን በወረቀት ጽፌ ኮፈኑ ሥር ለጠፍኩ። 0.9 ነፋሁ፣ ያዘ። ማሸጊያ የሚባል ነገር አልጨመርኩበትም።

ቺንጋውን (ፖምፓውን የሚያዞረውን ቀበቶ) አውልቄ ስለነበር የውሃ ፖምፓውን በእጄ አዞርኩት። ኩሽኔታው (ዘንጉ የሚዞርበት ቦታ) ውስጥ ትንሽ የሚንኮሻኮሽ ነገር አለ፣ ዘንጉም ወደ ጎን ስገፋው ይነቃነቃል። ገና አያንጠባጥብም። ይህ በጠርሙስ የሚታከም ዓይነት አይደለም፤ ፖምፓው ከነጓርኒሲዮኑ ታዟል፣ ክረምት ሳይገባ እቀይረዋለሁ።